ፕሮፔለሩን ከመሞረዳችሁ በፊት ለኩት

እንደ ሜርኩሪ ማርክ 20ኤች ያሉ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የውድድር ጀልባ ሞተሮችን ለምታድሱ፦ ሞተሩ ታድሶም ጀልባው ፍጥነት ካጣ፣ ካርቡረተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን እዩ። እምብርቱ ላይ የተቀረጸውን የፒች ቁጥር (ፕሮፔለሩ በአንድ ሙሉ ዙር በስሌት ወደፊት የሚጓዘውን ርቀት) ግን አትመኑት። የድሮ የነሐስ ፕሮፔለር ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ሲቀጠቀጥና ሲሞረድ ስለኖረ ቁጥሩና ክንፉ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙት። ከመሃሉ እኩል ርቀት ጠብቃችሁ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ የ30 ዲግሪ ቅስት ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ በቅስቱ ሁለት ጫፎች ላይ ክንፉ ከመስታወቱ ያለውን ከፍታ ለኩ። ልዩነቱን በ12 አባዙት። 2.75 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ፒቹ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 13 ኢንች ያህል ነው። ክንፎቹ የተለያየ ቁጥር ከሰጡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። እባካችሁ ይህን ሳታውቁ ሞረድ አታንሱ፤ የተሞረደ ነሐስ አይመለስም።

ቀጥሎ ውሃ ላይ ፈትሹት። የማርሹ ጥምርታ አንድ ለአንድ ከሆነ፣ 33 ሴንቲ ሜትር ፒች በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር በስሌት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ጂፒኤሱ 107 ካሳየ መንሸራተቱ (ከስሌቱ ፍጥነት የጎደለው) 10 በመቶ ነው፣ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ የሞተሩን ከፍታ በትንሽ በትንሹ አስተካክሉ፣ በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ።