ነጭ ዓሣ ወንዝ ሲወጣ፦ ዓሣውንና የሚያጠኑትን ሰዎች እንዴት እንጠብቅ

ቁንዝላ ላይ ዓሣ ገዝቼ፣ አጽድቼና ቋንጣ አድርጌ የምሸጥ ሴት ነኝ። ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚገባው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነውና ክረምት ሲገባ ከባሕር ዳር ለጥናት የሚመጡ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ቤቴ ያድራሉ። ዓሣውን በቢላዬ፣ አጥኚዎቹን በማዕዴ አውቃቸዋለሁ። ይህን የጻፍሁት በሐይቁ ዳር ለሚኖሩ አጥማጆችና ነጋዴዎች፣ በከተማ ዓሣ ለሚበሉ ሰዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መረብና ሚዛን ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎችም ነው። ነጭ ዓሣ የሚተርፈውም የሚጠፋውም በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ወንዝ አፍ ላይ በምናደርገው ነገር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ዓሣውን የሚቆጥረው ሰው ደግሞ የመንደሩ አደራ ነው።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቀው። ከጣና ለገበያ የሚወጡት ዋና ዋናዎቹ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፉ ይዞ ያሳድጋል፤ ነጭ ዓሣ ግን እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። እኛ በአንድ ስም የምንሸጠውን ነጭ ዓሣ ሳይንቲስቶች ወደ አሥራ አምስት ዝርያዎች ከፍለውታል፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ከሐይቁ በታች ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ዓሦች ስለለያቸው እዚሁ ለብቻቸው ተለዋውጠው ቀሩ። ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ ጀርባው የጎበጠ አለ፣ አፉ ሰፍቶ ወደ ላይ የተከፈተም አለ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ ይህ የሚያስደንቀው አንዳቸውም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ነው። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱን ስከፍት በጣቴ እነካዋለሁ። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ውስጥ እንዲሁ በአንድ ሐይቅ ተወልዶ የተለያየ የዚህ ወገን የዓሣ ቤተሰብ ነበረ፤ ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው የእኛው ነው።

ድሮ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙም አይርቅም ነበር። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተያዘውን ነጭ ዓሣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከተያዘው ጋር ሲያነጻጽሩ ክብደቱ ወደ 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ስለቆጠረ ነው። ባይቆጥር ኖሮ እኛ ነጋዴዎች «ዘንድሮ ዓሣ ቀነሰ» ብለን ዋጋ ጨምረን እናልፈው ነበር።

ጊዜውንና ቦታውን መለየት

ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም። ወንዙ ደፍርሶ ሲሞላ ዓሣው ከሐይቁ መጥቶ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያም ሽቅብ ይወጣል። የሚፈልገው ጥርት ያለ፣ የሚፈስና ጠጠር ያለበት ገባር ነው፤ እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ገብቶ አየር ያገኛል። ከእንቁላል የወጡት ትንንሾች በወንዙ ቆይተው በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። በእኛ በጎጃም በኩል ትልቁ መንገድ ግልገል አባይ ነው፤ በጎንደር በኩል ጉማራ፣ ርብና መገጭ አሉ። ሁሉም የነጭ ዓሣ ዝርያ ወንዝ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቢያንስ ሰባቱ እንደሚወጡ ታውቋል።

አሁን ነገሩን አስቡት። ዓሣው በብዛት የሚሰበሰብበት ነሐሴ የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ወር ነው፤ ዓሣ የሚበላው ጾመኛ ገበያውን ያሞቀዋል። ዋጋው በሚወጣበት ሳምንት እንቁላል የያዘችው እናት ጠባብ ቦታ ላይ ተሰብስባ ትገኛለች። አጥማጁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ወንዙን የሚዘጋው፤ ልጆቹ ደብተር የሚገዛላቸው ከዚያ ገንዘብ ነው። ይህን ሳያውቅ ለማስተማር የሚመጣ ሰው አይሰማም።

አጥማጁ ምን ያድርግ

ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ አለመዝጋት ከሁሉ የሚቀድም ነው። በክረምት መረባችሁን ከወንዙ አፍ አርቃችሁ በሐይቁ ውስጥ ጣሉ። በአካባቢያችሁ የተከለከለው ወቅትና የተፈቀደው የመረብ ዓይን ስፋት ምን እንደሆነ ሐምሌ ሳይገባ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ በማኅበራችሁ ቤት ለጥፉት። አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ቁጥሩም 315 ነው። ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ ክርክሩ ያጥራል።

ከአንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ቀጭን መረብ ርካሽ ነው፤ ሲቀደድ ግን አይጠገንም፣ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ይጣላል። የተጣለው መረብ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። በባዶ የምትመለስ ጀልባ ሁሉ ያገኘችውን አሮጌ መረብ ይዛ ትውጣ፤ ወደብ ላይ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይሰቀልና እዚያ ይጠራቀም።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መበተንን በተመለከተ አልለሳለስም። የብርብራ ዱቄት ትልቁንም፣ ገና ጣት የማያህለውንም እኩል ያደነዝዛል፤ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ገበያ ብሎ የወንዙን የዓመት ጫጩት ይጨርሳል። ይህን የሚያደርግ ሰው በመንደሩ ውስጥ ካለ አባቱን ወይም የነፍስ አባቱን ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ። ወደ ፖሊስ ከመሄድ በፊት ይህ መንገድ ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

በሕይወት የተያዘ እንቁላል የያዘ ዓሣ ካጋጠማችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት። መረቡ ጆሮ ግንዱ ላይ ከጠበቀ ዓሣውን አትጎትቱ፣ ክሩን ቁረጡ። ከዚያ ራሱን ወደ ውሃው መምጫ አድርጋችሁ ራሱ እስኪሄድ ድረስ ደግፉት። ወርውሮ መልቀቅ መልቀቅ አይደለም።

ከወንዙ ላይ አሸዋና ጠጠር የሚጭኑትንም አትርሷቸው። የሚወስዱት ጠጠር ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ነው። ለግንባታ ጠጠር ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓሣ ከሚወጣባቸው ገባሮች እንዳይጫን ከቀበሌው ጋር መስማማት ይቻላል።

ነጋዴዋና በላተኛው

የእኔ ሙያ ነውና እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በነሐሴ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልሽ ሆዱን በአውራ ጣትሽ ከደረቱ ወደ ጅራቱ ቀስ አድርገሽ ጫኚው። እንቁላል ከወጣ አትግዢው፤ ያመጣውንም ከየት እንዳመጣ ጠይቂው። አንዲት ነጋዴ ብቻ እምቢ ብትል ዓሣው ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ወደብ የሚገዙት ሴቶች በሰኔ ተገናኝተው ቢስማሙ ይሻላል። ቡና ይፈላ፣ በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ የመጣ ነጭ ዓሣ ላለመግዛት ቃል ይገባ። በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ በሆቴል የምትበሉ ደግሞ በፍልሰታ ቀረሶ እዘዙ፤ አስተናጋጁን «ከሐይቅ ነው ከወንዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ከተደጋገመ ባለ ሆቴሉ ለነጋዴዋ ያነሣዋል፣ ነጋዴዋም ለአጥማጁ።

አጥኚዎቹን መጠበቅ

ቤቴ ያደረ አንድ ተማሪ ስለ ባሕር ኤሊዎች ሲያጫውተን የሰማሁት ነገር አለ። በኮስታ ሪካ፣ ሞይን በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ሃይሮ ሞራ ሳንዶቫል የሚባል የ26 ዓመት ወጣት የባሕር ኤሊዎችን ጎጆ ሌሊት ይጠብቅ ነበር። እናት ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ለመቅበር ወደ ዳርቻው ትወጣለች፤ እንቁላሉን ቆፍረው የሚሸጡ ሰዎችም እዚያው ይጠብቃሉ። ልጁ ፖሊስ ወደ ዳርቻው እንዲመጣ በፌስቡክ ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 ገደሉት። በ2015 የተከሰሱት ከግድያው ክስ ነጻ ተባሉ፤ በ2016 በድጋሚ ችሎት አራቱ ተፈረደባቸው። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ እንስሳውም ሌላ ነው። ነገር ግን እንቁላል የያዘች እናት ወደ ጠባብ ቦታ ስትመጣ፣ ገዢ ሲኖርና አንድ ሰው ብቻውን በሌሊት ሲቆም የሚሆነው ነገር የትም አንድ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ዋዛ አታድርጉት።

ቆጣሪውና ተቆጣጣሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ዓሣ የሚለካ ተማሪ መረብ መውረስ፣ ስም መመዝገብ፣ የሰው ፊት ፎቶግራፍ ማንሣት የለበትም። አንድ ጊዜ ሰላይ ከተባለ እኔም ላስጥለው አልችልም። ሕግ ማስከበር የቀበሌውና የወረዳው ሥራ ነው፤ ተማሪው ሲጠየቅ «እኔ ዓሣ ነው የምለካው» ማለት እንዲችልና እውነትም እንዲሆን ያስፈልጋል።

ልጆቼ፣ ስትመጡ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከምርምር ማዕከሉ የተጻፈ ደብዳቤ ለቀበሌው አድርሱ፤ እዚያ ግን አይበቃም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ሲቀመጡ ቀርባችሁ ምን እንደምትሠሩ፣ ስንት ሌሊት እንደምትቆዩ፣ ያጠመዳችሁት ዓሣ የት እንደሚሄድ በአማርኛ አስረዱ። ጀልባ ነጂና ረዳት ከዚሁ መንደር ቅጠሩ፣ ክፍያውንም ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። ወንዙን የሚያውቅ አጥማጅ አብሯችሁ ካለ መረባችሁን የሚቆርጥ ሰው አይኖርም፤ ቢቆርጥ የወንድሙን ሥራ ነው የሚቆርጠው።

ብቻችሁን አትውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ለአሳዳሪያችሁ የምትሄዱበትን ቦታ፣ የጀልባ ነጂውን ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ጻፉላት። እኔ በግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ያልጻፈ ተማሪ ከቤቴ አይወጣም። ሰዓቱ ሲያልፍ የምደውለው መጀመሪያ ለነጂው፣ ቀጥሎ ለቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከዚያ ለምርምር ማዕከሉ ነው። መንገዱ ወይም አካባቢው ሰላም ካልሆነ ሥራው ይቆይ። ያመለጠ የመረጃ ወር በሚቀጥለው ክረምት ይገኛል።

ውሃውም ራሱ ያስፈራል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ላይ ማዕበል አለ፤ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ዋናተኛም ይልበስ። ወንዙ አፍ ላይ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ። ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውሃ አትግቡ፣ ቦት ጫማ አድርጉ። አጎበርም ያዙ።

ፎርማሊን፣ ማለትም ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን መርዛማ ፈሳሽ፣ ለምታመጡ አንድ ነገር በጥብቅ እለምናችኋለሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ አታድርጉት። ውሃ ይመስላል፣ ልጅ አንሥቶ ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ «መርዝ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፎበት፣ ከምግብ ቤት ውጭ ተቆልፎ ይቀመጥ። በፎርማሊን የተነከረ ዓሣም ለማንም አይሰጥ፤ ረዳቶቻችሁ ዓሣ መጣል ያሳዝናቸዋልና ወደ ቤት ይዘው እንዳይሄዱ ምክንያቱን ንገሯቸው።

እኛ አሳዳሪዎችና ነጋዴዎች ልንረዳቸው የምንችለው ብዙ ነው። ዓሣው ሳይቀደድ ርዝመቱና ክብደቱ እንዲለካ ትንሽ እንጠብቃቸው። ስናጸዳ የእንቁላል ከረጢቱን ለይተን እናስቀምጥላቸው፤ እኛ የምንጥለው ነው፣ ለእነሱ ግን ዓሣው መቼ እንደሚወልድ የሚያሳያቸው እሱ ነው። በዕድሜ የገፉት ዓሣ አጥማጆች በየትኛው ገባር ምን ይወጣ እንደነበር ያስታውሳሉና አገናኙአቸው።

መረባቸው ተቆርጦ ወይም ተሰርቆ ካደረ ተማሪው ራሱ አይጠይቅ፣ አይወንጅል። ለአሳዳሪው ይንገር፤ አሳዳሪው ለሽማግሌዎች ያቅርብ፤ በዚያ ሳምንት ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። ማስፈራሪያ ከተነገረው ግን ለሽምግልና አይቆይ፤ ቃሉን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ በዚያው ቀን ለቀበሌውና ለላከው ተቋም ያሳውቅ፣ ነገ ጠዋት ይውጣ። ሻንጣውን እኔ እልክለታለሁ።

ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለቀበሌው፣ ለአጥማጆች ማኅበርና ለአሳዳሪያችሁ መልሱ። ስንት ዓሣ ወደ ወንዙ እንደወጣ፣ በየትኛው ሳምንት እንደበዛ፣ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሆነ ይኑርበት። ወረቀቱ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ከደረሰ ሴቶቹ በሰኔ ስንሰበሰብ እናነበዋለን፤ የማንገዛበትን ሳምንትም በእሱ እንቆርጣለን። ለዘንድሮ የምትመጡ ክፍሉ ተጠርጓል፤ የቀበሌው ደብዳቤ ግን ከእናንተ ቀድሞ ይድረስ።