ዲስክ ሞላ ብላችሁ የስናፕሾት ፋይል በእጃችሁ እንዳታጠፉ

አቦ ሰሞኑን ድሬዳዋ ከዚራ ያለ አንድ ቢሮ ሰርቨራችን ቆመ ብለው ጠሩኝ፣ ስደርስ ዲስኩ ጢም ብሏል፣ የአይቲው ልጅ የቨርችዋል ማሽኑን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሰራውን ኮምፒውተር) ፎልደር ከፍቶ ትልቁን ፋይል ሊያጠፋ አንድ ክሊክ ነው የቀረው። ምነው ስለው "ቀኑን እየው እስቲ፣ ከጥር ወዲህ ማንም አልነካውም" አለኝ። ያ ፋይል እኮ ዋናው ዲስክ ነው፣ የቢሮው ሂሳብ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው ያለው!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስናፕሾት (ነገር ቢበላሽ ለመመለስ ማሽኑ በዛች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ መያዝ ማለት ነው) ስታነሱ ዋናው ዲስክ ላይ መጻፍ ይቆማል፣ ከዛ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ አዲስ ፋይል ላይ ይሄዳል፣ ለዚህ ነው የዋናው ቀን ያረጀ የሚመስለው። ደግማችሁ ስታነሱ ሌላ ይቀጠላል፣ እንደ ባቡር ፉርጎ በሉት፣ መሀል ያለውን ከፈታችሁ ከኋላው ያሉት ሃዲድ ላይ ይቀራሉ። ቨርችዋል ማሽን ከሚያሰሩት ሶፍትዌሮች ቪኤምዌር ላይ ስማቸው ውስጥ 000001፣ 000002 እያለ ይሄዳል፣ ቨርችዋልቦክስ ደግሞ ስናፕሾትስ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው የሚከታቸው። ሜሞሪውም ይያዝ ብላችሁ ከሆነ ራሙ 16 ጊጋ የሆነ ማሽን በየስናፕሾቱ እስከ 16 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ይጨምርባችኋል።

ስለዚህ የምታጠፉት ፋይሉን ሳይሆን ስናፕሾቱን ነው፣ ከስናፕሾት ማናጀሩ። ብዙ ሰው ዲሌት ሲባል ዳታው የሚሄድ ይመስለውና ይፈራል፣ ግን እዚህ ጋ ዲሌት ማለት አዲሱ ፋይል ላይ የተጻፈውን ከዋናው ጋር አዋህደው ማለት ነው፣ ማሽኑ አሁን ባለበት ይቀጥላል። የሚያስፈራው ሪቨርት ወይ ሪስቶር የሚለው ነው፣ እሱ ወደ ድሮው ይመልስና ከዛ ወዲህ የሰራችሁትን ይበላል።

ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ፣ ሌላ ዲስክ ላይ። ቦታም ያስፈልጋል፣ ሲዋሀድ ዋናው ፋይል ሊያብጥ ስለሚችል ዲስኩ ዜሮ ላይ ከሆነ መጀመሪያ አይኤስኦ (የሲዲ ኮፒ ፋይል) ምናምን ወደ ኤክስተርናል አውጡ። ከተቻለ ማሽኑንም ሻት ዳውን አድርጉት። ከዛ መብራት፣ የድሬን መብራት ታውቁታላችሁ፣ መሀል ላይ ከሄደ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል፣ ትልቅ ዲስክ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፣ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ሳታውቁ አትጀምሩ። እኔ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ነው የምሰራው፣ በቀትር ሰርቨር ክፍሉ ራሱ ምድጃ ነው። 99 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ቁጭ ሊል ይችላል፣ ተዉት፣ ስንቱ እዛች ጋ ካንስል ብሎ ነው ጉድ የሆነው።

ማናጀሩ ባዶ ሆኖ ፋይሎቹ ፎልደሩ ውስጥ ካሉስ? ብዙ ጊዜ የባክአፕ ሶፍትዌር ጥሏቸው የሄደ ነው። ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር የሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ ኮንሶሊዴት፣ አዋህድ ማለት ነው፣ የሚለውን ሞክሩ፣ እምቢ ካለ አዲስ ስናፕሾት አንሱና ዲሌት ኦል በሉት፣ ብዙውን ጊዜ የተደበቁትንም ጠርጎ ያዋህዳቸዋል። ፋይሉ ተቆልፏል ካለ የባክአፕ ማሽኑን ሴቲንግ እዩ፣ ዲስኩን ሰክቶ ረስቶት ይሆናል፣ ንቀሉት፣ ግን ፋይሉንም አብረህ አጥፋ የምትለዋን ሳጥን እንዳትነኳት።

ከዚህም በኋላ የተረፈ ካለ፣ ቪኤምዌር ላይ ቪኤምኤክስ የሚለውን የማሽኑን ሴቲንግ ፋይል በኖትፓድ ስትከፍቱት ማሽኑ የትኛውን ዲስክ እንደሚጠራ ታገኛላችሁ፣ የዛ ዲስክ ትንሿ ፋይል ላይ ደግሞ ወላጁ ማን እንደሆነ ተጽፏል፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ዋናው ድረስ ተከተሉት። ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ አይነካም። ከሰንሰለቱ ውጪ የሆነውንም ቢሆን፣ ሊንክድ ክሎን (የዚህኑ ማሽን ዲስክ ተጋርቶ የሚሰራ ኮፒ) የሆነ ሌላ ማሽን እንደማይጠቀምበት አጣሩና፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ወደ ኤክስተርናል አዙሩት፣ አስነሱት፣ ሳምንት ሰርቶ ችግር ከሌለ ያኔ አጥፉት።

የከዚራው ልጅ ያንን ስናፕሾት ያነሳው ለአፕዴት ነበር፣ አፕዴቱ ገባ፣ እሱ ረሳው። ቪኤምዌር ራሱ ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ነው የሚለው። አሁን ስናፕሾት ባነሳ ቁጥር ስልኩ ላይ አላርም ይሞላል።