ለአረፋ በግ ከመግዛታችሁ በፊት

አረፋ ሲቃረብ ሸዋ ሮቢት ላይ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ በግ ስንት ገባ? ከደጋ የወረደ የመንዝ በግ ከሆነማ ዋጋው አይቀመስም። ዋጋ ላይ ስንነታረክ ግን ዋናውን ነገር እንረሳለን። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

የከፋው ስህተት ከኢድ ሶላት በፊት ማረድ ነው። አንድ ዓመት ከወንድሜ ጋር ሆነን፣ አራጅ ኋላ አይገኝም ብለን፣ ገና ጎህ ሲቀድ በጉን አሳረድነው። አባባ ከመስጂድ ሲመለሱ ሥጋው ተሰቅሏል። «ይሄ ሥጋ ነው እንጂ ኡድሂያ (የበዓሉ መሥዋዕት) አይደለም» አሉን፣ አበቃ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሶላት በፊት ያረደ ሰው በምትኩ ሌላ እንዲያርድ አዘዋል። ምን አስቸኮለን? የበዓሉ ቀን፣ ማለትም የዙልሂጃ ወር 10ኛው ቀን፣ ባይመች በማግስቱም በሠልስቱም ይታረዳል።

ሁለተኛው ርካሽ ፍለጋ ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ በግልጽ የሚያነክስ፣ የታመመ፣ ወይም መቅኔ እስኪያጣ የከሳ በግ ለኡድሂያ አይሆንም። ዕድሜም አለ። በግ ስድስት ወር ይበቃዋል የሚሉ ዓሊሞች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) አሉ፣ ዓመት ይሙላ የሚሉም አሉ፤ ዓመት የሞላውን ከገዛችሁ ከክርክሩ ወጣችሁ። «ሙክት ስለተኮላሸ ጉድለት አለበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ ይቻላል። አቅም ካነሰ ደግሞ ሰባት ሆኖ በሬ መጋራት አለ።

ለአራጁ ቆዳውን በክፍያ ፈንታ መስጠት የተለመደ ነው፤ ስህተት ነው። ድካሙን በብር ክፈሉት። ከዚያ በላይ ሥጋም ሆነ ቆዳ በስጦታ ብትሰጡት ችግር የለውም። ቆዳውን መሸጥም አይሆንም፣ እኛ ጋ ብዙ ሰው ለመስጂድ ይሰጠዋል።

ጾሙ ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ያሳስታል። በዓሉን አረፋ እንላለን እንጂ የአረፋ ቀን ዋዜማው ነው፣ ዙልሂጃ 9፣ ሑጃጆች አረፋ ሜዳ ላይ የሚቆሙበት። ሐጅ ያልሄደ ሰው የሚጾመው ያንን ቀን ነው። በዓሉን መጾም ክልክል ነው፤ ተከታዮቹ ሦስት ቀናትም የመብል የመጠጥ ቀናት ናቸው። ጠዋት ቴምር ቀምሶ ወደ ሶላት መሄድ የኢድ አልፈጥር ሱና ነው። በአረፋ ከሶላት መልስ ነው የሚበላው።

የመጨረሻው ጎረቤትን ይመለከታል። ክርስቲያን ወዳጃችሁ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ «ትንሽ ብቻ ቅመስ» እያላችሁ ሥጋ አታቅርቡለት። እሱም ይሳቀቃል፣ እናንተም። ዳቦ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ጨዋታው አለ። እኛ ሰፈር አቅም ያላቸውማ ጠቦት በቁሙ ይልኩና «አርዳችሁ ብሉ» ይላሉ።