አረፋውን አትፍሩት፦ የቤልጂየም ብሎንድ ስንቀዳና ስንቀምስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ብራስልስ ውስጥ ቢራ ቤት ነው የምሠራው። የሀገሬ ልጆች ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር ሳይ ግን ዝም ማለት አልችልም። አረፋ ይጠላሉ!

«ወንድሜ፣ አረፋ ነው እንዴ የምትሸጥልን?» ይሉኛል። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብለው፣ ብርጭቆውን አጋድመው፣ አንዲት አረፋ እንዳትነሳ ቀስ እያሉ እስከ አፉ ይሞሉታል። እባካችሁ ተዉ! ብሎንድ፣ ይህ ወርቃማው የቤልጂየም ቢራ፣ ጋዙ ብዙ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ካልወጣ ሆድ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ሁለተኛውን ሳትጨርሱ ትነፋላችሁ። ያ ከእርሾው የሚመጣው የፍራፍሬና የቅርንፉድ ሽታም ከጋዙ ጋር ነው ወደ አፍንጫ የሚወጣው። አጋድማችሁ ጀምሩ፤ ግማሽ ሲደርስ ቀና አድርጉና መሃሉ ላይ አፍስሱ። ሁለት ጣት አረፋ ይቁምበት። ዱቬል የሚባለው ቢራ ብርጭቆ እንደዚያ የሰፋው 33 ሳንቲ ሊትሩ ከነአረፋው እንዲገባ ነው። ሥሩ ላይ የተቀረጸችው ፊደልም ለጌጥ አይደለችም፤ ጋዙ ከእሷ እየተነሳ አረፋውን እንዲመግብ ነው።

አረፋው ቶሎ ከጠፋ ብርጭቆውን ጠርጥሩ። ይህን እኔም አጥፍቻለሁ። ቤቴ እንግዳ ጠርቼ፣ ብርጭቆዎቹን የወጥ ሳህን ባጠብኩበት ስፖንጅ አጠብኳቸው። ለዓይን ንጹሕ ናቸው። ስቀዳ አረፋው ብቅ አለና ዓይኔ እያየ እልም አለ፤ የብርጭቆው ጎን ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተጣብቀው ቀሩ። ቅባት ነበረበት። ለብርጭቆ የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፣ ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ፣ ከመቅዳታችሁ በፊትም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። በፎጣ አትወልውሉት።

ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። በጣም ሲቀዘቅዝ ምላስ ይደነዝዛል፣ ሽታውም አይወጣም። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል።

ጠርሙስ ውስጥ ዳግም የሚፈላው ዓይነት፣ እንደ ዱቬልና ላ ሹፍ ያለው፣ እንደ ጠላችን አተላ አለው። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ስትቀዱ መጨረሻ ላይ ጣት የምታህል አስቀሩ። አተላው አይጎዳም፣ የሚወደውም አለ፤ ሳትጠይቁ የእንግዳ ብርጭቆ ውስጥ መገልበጥ ግን ደግ አይደለም።

ቀለሙ አያታልላችሁ። ሌፍ ብሎንድ 6.6 በመቶ አልኮል ነው፤ ዱቬል 8.5 ይደርሳል። እንደ ተራ ቢራ በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጡትን ስንቱን ደግፌ ታክሲ ውስጥ እንዳስገባሁ!

ስትቀምሱ ደግሞ አሽትቱ፣ ተጎንጩ፣ ዋጡ፤ ከዚያ ትንሽ ጠብቁ። መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት ይመጣል፣ ቀለል ያለው ምሬት ከዋጣችሁ በኋላ ነው የሚከተለው። አዋዜ ከበላችሁ በኋላ ይህን ሁሉ መለየት አይቻልም፤ መቅመስ ከምግቡ በፊት ይሁን፣ ወይም ከለስላሳ አይብ ጋር።