ገና ከመነሻው በፊት የሚሠሩ ስህተቶች፦ ለጁኒየር ዳውንሂል ተወዳዳሪዎችና ለወላጆቻቸው

ልጅ ሆኖ ፍሬን በሌለው ሳይክል፣ በጫማው ሶል እየተጎተተ ቁልቁለት የወረደ ሰው ዳውንሂልን፣ ማለትም የተራራ ቁልቁለት የሳይክል ውድድርን፣ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ቀሪው ግማሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሳይክሉ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የፊቱም የኋላውም ሾክ (ንዝረት የሚውጠው ክፍል) እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ተወዳዳሪው ብቻውን ከተራራ ጫፍ ይለቀቃል፤ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ታች ይደርሳል። ከጎኑ የሚሮጥ የለም፣ ከሰዓት ጋር ብቻ ነው።

ዩሲአይ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር፣ ጁኒየር የሚላቸው በዚያው ዓመት 17 ወይም 18 የሚሞላቸውን ነው። ስለዚህ ያላቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ነው። ይቺ ሁለት ዓመት ናት ልጆቹን የምታጣድፋቸው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ቢመረመሩ መነሻቸው ያው ጥድፊያ ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ልጅ መንዳቱንማ ይችልበታል።

ትራኩን እንደ ሽርሽር መሄድ

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪዎች ትራኩን በእግራቸው ያዩታል። ብዙ ጁኒየሮች በቡድን ሆነው፣ እያወሩና ቪዲዮ እየቀረጹ፣ በአርባ ደቂቃ ታች ይደርሳሉ። አዩት? አላዩትም።

የስኮትላንዱን ፎርት ዊሊያም እንውሰድ። ትራኩ 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከላይ እስከ ታች 555 ሜትር ይወርዳል። ላይኛው ክፍል ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ የሚመታው ድንጋያማ ሜዳ ነው። መሃል ላይ ጫካ ይመጣል፤ የዛፍ ሥርና ጭቃ ነው። ታች ደግሞ ትልልቅ ዝላዮች አሉ፤ እዚያ ሲደርስ እግርም ክንድም አልቋል። በአንድ ተራራ ላይ ሦስት ዓይነት መሬት አለ ማለት ነው። ይህን በአርባ ደቂቃ የጨረሰ ልጅ ጫካውን አላየውም።

ጥሩ አሠልጣኝ ልጁን ከባድ ቦታ ላይ ያስቆመዋል። ካለፈው በኋላ ደግሞ ዞር ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ ያደርገዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከላይ ሲታይ ሥሩና የድንጋዩ ጠርዝ ይደበቃል። ከታች ወደ ላይ ስታይ ጎማው የሚመታው ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ይታይሃል። አንድ ኩርባ ላይ አግድም የተኛ ሥር አለ እንበል። ረቡዕ ዕለት አፈር ለብሶ ከመሬት እኩል ነው። በስንት መቶ ጎማ ከተረገጠ በኋላ አፈሩ ይጠረጋል፤ ቅዳሜ ላይ ሥሩ ተላጥቶ፣ እንደ ሳሙና እያዳለጠ፣ ብቅ ብሎ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፉ ቦታ አንድ መስመር መምረጥ አይበቃም። ሁለተኛውንም ዛሬውኑ አይቶ መያዝ ነው።

ሌላም አለ። ትራኩ ግራና ቀኙ በክር የተከለለ ነው፤ ከዚያ ክር ውጭ የወጣ ተወዳዳሪ በወጣበት ቦታ መመለስ ግዴታው ነው። እልፍ ብሎ ከገባ ውጤቱ ይሰረዛል። ክሩ የት ጋ ሰፋ ብሎ እንደታሰረ፣ የት ጋ እንደጠበበ ማየት የእግር ጉዞው ሥራ ነው። ሰፋ ባለበት ቦታ ማንም ያላሰበው ሕጋዊ መስመር ይገኛል።

የትልልቆቹን መስመር መቅዳት

ይሄ ቪዲዮ ያመጣው ጣጣ ነው። ልጁ ማታ ስልኩ ላይ አንድ ታዋቂ ጋላቢ ድንጋይ የሞላበትን ቦታ በአንድ ዝላይ ሲሻገር ያያል። ጠዋት እሱም ይሞክራል። ትልቁ ሰውዬ ግን ወደዚያ ዝላይ የገባው ከቀደመው ኩርባ ፍጥነት ሳይቀንስ ወጥቶ ነው። አንተ ትንሽ ዘግይተህ ከደረስክ የምታርፈው ድንጋዩ መሃል ነው።

እርግጥ ልጆቹን የሚያታልሉ ምሳሌዎች አሉ። እንግሊዛዊው ጆርዳን ዊሊያምስ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ጄ ላይ የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 ሰኔ ወር ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌንዘርሃይደ ላይ ደግሞ በትልልቆቹ ምድብ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ውድድሩን አሸነፈ። ካናዳዊው ጃክሰን ጎልድስቶንም ያኔውኑ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ጣሊያን ውስጥ ቫል ዲ ሶሌ ላይ አሸንፏል። ይህን ያየ የ17 ዓመት ልጅ ልዩነት የሌለ ይመስለዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን በስንት ዓመት አንዴ የሚመጡ ናቸው። እነሱን ይዞ ለራስ ዕቅድ ማውጣት ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደ መሥራት ነው።

የሚያዋጣው ሰዓት መያዝ ነው። አንድ ሰው መስመሩ ሁለት የሚሆንበት ቦታ ላይ ስልኩን ይዞ ይቁም። ከአንድ ዛፍ እስከ ሌላ ዛፍ የዚያው ምድብ ልጆች በየትኛው በኩል ስንት ሰከንድ እንደፈጀባቸው ይለካ። ብዙ ጊዜ ያ ቪዲዮ ላይ ያማረው መስመር ቀርፋፋው ሆኖ ይገኛል።

ልምምድን ማሸነፍ

ለልምምድ ሜዳሊያ የሚሰጥ ሰው እስካሁን አላየሁም። ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ትራኩን በሙሉ ፍጥነት ይወርዱታል። ኬብል ካሩ ያወጣቸዋል፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። አምስተኛው ላይ ክንዳቸው ከመወጣጠሩ የተነሳ የፍሬኑን ዘንግ መሳብ ያቅታቸዋል። መውደቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ኦስትሪያዊቷ ቫሊ ሆል በ2018ም በ2019ም የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮን ነበረች። በ2020 የዓለም ሻምፒዮናው በአገሯ፣ ሌኦጋንግ ላይ፣ ከቤቷ አፍንጫ ሥር፣ ተዘጋጀ። በትልልቆቹ ምድብ የመጀመሪያዋ ነበር። ልምምድ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን ተጎዳችና ሳትወዳደር ቀረች። ደግነቱ ታሪኳ እዚያ አላበቃም፤ ከ2022 እስከ 2025 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የእሷ ዓይነት ችሎታ ያላት ልጅ በልምምድ ከውድድር ውጭ ከሆነች፣ ሌላው በምን ይተማመናል?

ትራኩን ቆራርጦ መለማመድ ይሻላል። አንድ ክፍል፣ ቆም፣ እንደገና። ሙሉውን ከላይ እስከ ታች አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ፣ ያውም እጅ ሳይዝል።

የሰው ሳይክል ልክ መገልበጥ

«እከሌ ስንት ንፋስ ነው የሚሞላው?» ድንኳን ለድንኳን የሚዞር ጥያቄ ነው። እከሌ 82 ኪሎ ነው፣ ጠያቂው 61። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። የዳውንሂል ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ባለው መሃል ነው የሚነዳው። በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ትንሽ መጨመር ሥር ላይ ያንሸራትታል፤ ትንሽ መቀነስ ደግሞ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያላትመዋል።

ጁኒየሮች ላይ ደግሞ ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፦ ልጆቹ ገና እያደጉ ናቸው። በክረምቱ አምስት ኪሎ ጨምሮ፣ ቁመቱም ተመዞ የመጣ ልጅ አምና በተገጠመለት ሞላ ይጀምራል። ሳይክሉ ላይ ሲቀመጥ ሾኩ ከሚገባው በላይ ይሰምጣል። ሲሶ ያህል ቢሰምጥ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ኩርባ ላይ «ሳይክሉ አልታዘዝ አለኝ» ማለት ይጀምራል። ሳይክሉ ምን አጠፋ? ልጁ ነው ያደገው። ውድድር ሲጀመር መመዘን፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ የተቀየረውን ደብተር ላይ መጻፍ። ቅዳሜ ጠዋት ምንም አለመንካት።

ዝናብ ከመጣ ግን ይሄ ሕግ አይሠራም። ጥርሱ ረዘም ያለ የጭቃ ጎማ በጊዜ መኖር አለበት። በ2011 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሻምፔሪ ላይ እንግሊዛዊው ዳኒ ሃርት የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ በጭቃ ሲንሸራተት፣ ከ11 ሰከንድ በላይ ልዩነት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ዝናብ ሲያይ ፊቱ የሚጨልም ልጅ ይህን ውድድር ፈልጎ ይይ።

ቀላሉን ኩርባ መናቅ

ከባዱን ቦታ ሁሉም ይለማመደዋል። የሚጥለው ቀላሉ ነው። ሳም ሂል ሁለት ጊዜ የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በፍጥነቱ የተፈራ አውስትራሊያዊ ነው። በ2008 ቫል ዲ ሶሌ ላይ ሁሉንም እየመራ ወርዶ፣ መጨረሻው አካባቢ ጠፍጣፋ ኩርባ ላይ ወደቀ። ተነስቶ ሦስተኛ ወጣ። ፍሬን ከኩርባው በፊት ይያዛል፣ ኩርባው ውስጥ ይለቀቃል። በቃ፣ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም።

ካቴና ሲበጠስ ተስፋ መቁረጥ

በ2015 ሌኦጋንግ ላይ የአሜሪካዊው አሮን ግዊን ካቴና ከመነሻው በር እንደወጣ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ያለ ፔዳል ወርዶ አሸነፈ። ካናዳዊው ፊን አይልስም በ2022 ሞን ሴንት አን ላይ፣ በአገሩ ሰው ፊት፣ ካቴናው ተበጥሶ አሸንፏል። ጁኒየር ግን ካቴናው ሲበጠስ እጁን ያነሳና ዳር ይወጣል። ወንድሜ፣ ቁልቁለት እኮ ነው!

«ደህና ነኝ» ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱን ይመታል። ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ለምን አይል? ማጣሪያው ነገ ነው፣ አባቱ የአውሮፕላን ትኬት ከፍሏል፣ የቡድን ሰዎች እያዩት ነው። የአንጎል መናወጥ ደግሞ ደም የለውም፣ ራጅ ላይም አይታይም። ሄልሜት ማድረጉም ዋስትና አይሆንም። ሄልሜት የራስ ቅልን ይጠብቃል እንጂ ውስጥ ያለው አንጎል ከመናጥ አይድንም።

ምልክቱን ጓደኛ ነው ቀድሞ የሚያየው። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ኬብል ካሩ ላይ መቼ እንደወጣ አያስታውስም። ብርሃን ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። የዩሲአይ መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ትልቅ ሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጁኒየር ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይወዳደር እንዲቆይ ይላል። የልጅ አንጎል ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል። ሳይድን ሁለተኛ ምት ከደረሰበት ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ ይወዳደር አይወዳደር የሚለውን ልጁ አይወስንም። አባትም አይወስንም፣ ሐኪም ነው የሚወስነው። የተመታው ሄልሜትም ከውጭ ምንም ባይታይበት ይጣል። «ውድ ነው እኮ» የሚል ወላጅ ሰምቼ አውቃለሁ። ምን ይባላል?

የቀሩት ጥቃቅኖች

ሁለተኛ ጓንት መያዝ፤ እርጥብ ጓንት ከመሪው ላይ ያንሸራትታል። ሁለተኛ መነጽር፣ ለጫካ ጥላ የሚሆን ቀለል ያለ ሌንስ ያለው። መነሻው ጋ ከመድረስ በፊት ሰውነት ማሟሟቅ፤ ላይ ብርድ ነው፣ ወረፋም አለ። ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሱሪና ሹራብ አለመልበስ፤ ደንቡ ይከለክላል። ፎርት ዊሊያም የሚሄድ ደግሞ የትንኝ መከላከያ ቅባት አይርሳ። የዚያ አገር ትንኝ በዓይን የማትሞላ ናት፤ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ሰው ግን ታሳብደዋለች። የሚወርደውን አትደርስበትም።