እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ቬትናም ለሚሄዱ፦ ከነዋሪው ጋር ለመኖር የሚረዳ መመሪያ

በቬትናም እንግሊዝኛ ለማስተማር ያሰበ ሰው ከደመወዙ ቀጥሎ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ሥራ ሰዓቱ ነው። የቋንቋ ማዕከላት የሚደምቁት ልጆች ከትምህርት ቤት፣ አዋቂዎችም ከሥራ ሲወጡ በመሆኑ መምህሩ ምሽቱንና ቅዳሜ እሑድን ክፍል ውስጥ ያሳልፋል። አገሩን የማየት ዕድሉ ያለው እንግዲህ በሥራ ቀናት ጠዋት ነው፤ ይህን ጊዜ በእንቅልፍ የሚያሳልፍ መምህር ዓመት ኖሮም የሚያውቀው የሥራ ባልደረቦቹን ብቻ ይሆናል።

ከጉዞ በፊት ሰነድ ያሟሉ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ እስከ 90 ቀን የሚያቆይ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ቢሰጥም በቱሪስት ቪዛ ማስተማር አይፈቀድም። የሥራ ፈቃዱን የሚጠይቅልዎ ቀጣሪው ሲሆን፣ ዲግሪ፣ የማስተማር ሰርተፍኬት፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃና የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ካልሆነ መምህር ተጨማሪ የቋንቋ ችሎታ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። «ሥራውን ጀምር፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ቀጣሪ ቢያጋጥምዎ ሌላ ይፈልጉ።

መኖሪያ ሲመርጡ የውጭ ዜጎች ከተሰባሰቡበት ሕንፃ ይልቅ ጠባብና ረጃጅም ቤቶች ግራና ቀኝ የተደረደሩበትን የውስጥ ለውስጥ መንገድ እመክራለሁ። ጫጫታው ይበዛል፤ ነገር ግን ጎረቤት የሚገኘው እዚያ ነው። አከራዩ ጊዜያዊ ነዋሪነትዎን በፖሊስ ዘንድ ማስመዝገቡን ያረጋግጡ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ በሃኖይ ሆዋን ኪየም ሐይቅ ዳር ቢወጡ አረጋውያን በቡድን ስፖርት ሲሠሩ፣ ሌሎችም ባድሜንተን ሲጫወቱ ያገኛሉ። ቁርሱ እግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ዝቅ ባለች የፕላስቲክ በርጩማ ተቀምጠው፣ ጉልበትዎ ደረትዎን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ የሚያፋጅ ፎ የተባለ የሩዝ ኑድል ሾርባ ይቀርብልዎታል። ቡናው በብርጭቆ አፍ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ባለው ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ላይ ይወርዳል። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ብትሆንም አብዛኛው ምርቷ ሮቡስታ የተባለው የቡና ዓይነት ስለሆነ፣ ይርጋጨፌ ለለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ መራር ነው። ከአገር ቤቱ ጋር እያወዳደሩ ከመማረር ይልቅ እንደ እነርሱ በበረዶ ይጠጡት፤ በሳይጎን (በሆ ቺ ሚን ከተማ) ሙቀት ለምን እንደዚያ እንደሚወዱት ይገባዎታል።

ጿሚ ከሆኑ «ቻይ» (ከሥጋ ነፃ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ የሰቀሉ ምግብ ቤቶችን ይፈልጉ፤ ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ስለሚታቀቡ በእነዚህ ቀናት ምርጫው ይሰፋል። ከእነዚህ ቤቶች ውጭ ግን የአትክልት በሚባለው ምግብም ውስጥ የዓሣ ስጎ አይጠፋም።

የመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጭ ሳይቀር በስልክ ኮድ እያስነበበ ገንዘብ ስለሚቀበል፣ የነዋሪነት ወረቀትዎ እንደደረሰ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። በጥሬ ገንዘብ ሲከፍሉ ባለ 20,000 እና ባለ 500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። መንገድ ሲያቋርጡ እርምጃዎን ሳይለውጡ በዝግታ ይሂዱ፤ ሞተረኛው እርስዎን የሚያልፈው አካሄድዎን ገምቶ ነውና ድንገት መሮጥም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አደጋ ያመጣል። ራስዎ የሚያሽከረክሩ ከሆነ አንድ ቢራም አይፈቀድም። በሆ ቺ ሚን ከተማ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሜትሮም አለ።

ባልደረቦችዎ ገና በመጀመሪያው ቀን ዕድሜዎን ቢጠይቁ አይቀየሙ፤ በምን መጠሪያ እንደሚያከብሩዎ የሚወስኑት በዚያ ነው። ኅዳር 20 በፈረንጆች አቆጣጠር የመምህራን ቀን ስለሆነ አበባ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ተቀብለው ያመስግኑ። ለጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ለቴት፣ ከተሞቹ ጭር ስለሚሉና ትኬት ስለሚወደድ ቀደም ብለው ያቅዱ። ባልደረባዎ ወደ ወላጆቿ ቤት ከጋበዘችዎ ፍራፍሬ ይዘው ይሂዱ፣ ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ። በበዓሉ የመጀመሪያ ጠዋት ግን ሳይጠሩ የማንንም ደጃፍ አይርገጡ፤ ቀድሞ የሚገባው እንግዳ የቤቱን የዓመት ገድ ይወስናል ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙ ቤተሰብ ያንን ሰው አስቀድሞ መርጦ ይጠራል።