ከለንደን ሮም፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከለንደን ሂትሮው እስከ ሮም ፊዩሚቺኖ በአየር 1,445 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ስህተት ካርታ ላይ ያዩትን የመኪና ርቀት ለበረራ መጠቀም ነው። የመኪናው መንገድ ባሕር ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን አቋርጦና በአልፕስ ተራሮች ዞሮ ስለሚሄድ ከ1,800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በማይል ሲፈልጉ ደግሞ 780 እና 898 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። 780ው አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል (1.852 ኪሎ ሜትር)፣ 898ቱ የየብስ ማይል (1.609 ኪሎ ሜትር) ነው።

ርቀቱን በፍጥነት ብቻ ማካፈልም ያሳስታል። አውሮፕላኑ በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ይበርራል ብለው 1,445ን በ840 ቢያካፍሉ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይመጣል፤ ትኬቱ ግን 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይላል። አውሮፕላኑ ሲነሣና ለማረፍ ሲወርድ በሙሉ ፍጥነቱ አይበርም፤ ሂትሮው ላይ ደግሞ ለመነሣት ተራ ይጠብቃል። ትኬቱ የሚቆጥረው ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንሥቶ ሮም ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። ለእንዲህ ያለ አጭር በረራ ርቀቱን በ800 አካፍለው 40 ደቂቃ ቢጨምሩበት ከእውነታው ብዙ አይርቁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ ሮም ለንደንን ዓመቱን ሙሉ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ከለንደን 10:00 ተነሥቶ ሮም 13:30 የሚደርስ አውሮፕላን የበረረው 3 ሰዓት ተኩል ሳይሆን 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለሱ ከሮም 14:30 ተነሥተው ለንደን 16:10 ቢደርሱ፣ ጉዞው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመስላል እንጂ 2 ሰዓት ከ40 ነው። የመልሱ መርዘም የተለመደ ነው፤ በአውሮፓ ሰማይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ለንደን የሚበረው ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለለመደ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። ትኬቱ ላይ 10:00 ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ «10 ሰዓት» ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ በረራው አምልጦታል። ሰዓቱን ለሚቀበልዎ ሰው ሲነግሩ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብለው ይጨምሩ። አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር ከተቀጣጠሩም፣ ሮም ከአዲስ አበባ በበጋዋ (ከመጋቢት እስከ ጥቅምት) 1 ሰዓት፣ በክረምቷ 2 ሰዓት ወደ ኋላ እንደምትሆን ያስታውሱ። አውሮፓ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓቱን ይቀይራል፣ ኢትዮጵያ አትቀይርም።

«ለንደን» ብሎ መፈለግም በቂ አይደለም። ሂትሮውና ስታንስቴድ በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ርካሽ ትኬት ያገኙበት አውሮፕላን ማረፊያ የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይክፈሉ። ሮም ላይም ፊዩሚቺኖና ቻምፒኖ የተለያዩ ናቸው፤ ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያለማቋረጥ የሚሄደው ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል።

እንግሊዝ በሸንገን (በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) ውስጥ ስላልሆነች ሮም ላይ የፓስፖርት ወረፋ አለ፤ ተያያዥ ባቡር ወይም በረራ ከቆረጡ ለዚያም ጊዜ ይያዙ። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን ጣሊያን አያስገባም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት የሸንገኑን ቪዛ ይጨርሱ።